የሰብአ ሰገል ጥላ

አልጋዬ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ጥላ አለ። የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ኤሲው ተበላሽቶ ክፍሉ ሲሞቅ ከፋዩ ሽታውን ያወጣል፤ የአዲስ ጨርቅና የብል መድኃኒት ሽታ። ኦልድ ኤርፖርት በሚሉት የዶሃ ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ይስቁብኛል። «በዶሃ ምን ዝናብ አለና ነው ጥላ የምታስቀምጪው?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው፤ ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ዘ ፐርል በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩን በሚያይ ፎቅ ላይ፣ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ቤት እሠራ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ የተባልኩትን ሁሉ አምናለሁ። ማዳም የኮሎኝ ከተማ ልጅ ናት። ሳሎኗ ውስጥ የከተማዋ ካቴድራል ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለት ሹል ማማ፣ ጭስ የጠጣ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ። አቧራውን ስወለውል አጠገቤ ቆማ ታወራልኝ ነበር። ግንባታው መሀል ላይ ቆሞ፣ ባላለቀው ማማ ላይ የእንጨት ክሬን ለመቶዎች ዓመታት ተገትሮ እንደቀረ፤ ሰዉ ክሬኑን የቤተ ክርስቲያኑ አካል እስኪመስለው እንደለመደው፤ ኋላ የጥንቱ ንድፍ ተገኝቶ በዚያው እንደጨረሱት። በጦርነቱ ከተማዋ ስትፈርስ፣ በዙሪያው ያሉት የጥንት አብያተ ክርስቲያናትም ሲደረመሱ፣ እሱ ቆስሎም ቢሆን እንደቆመ። የወደቁትንም ድንጋይ በድንጋይ መልሰው እንደሠሯቸው።

አንድ ቀን ከመሠዊያው ጀርባ ያለውን የወርቅ ሣጥን በስልኳ አሳየችኝና፣ የሦስቱ ነገሥታት አፅም እዚህ ውስጥ ነው ይባላል አለችኝ። ሰብአ ሰገል መሆናቸው ሲገባኝ መወልወያው ከእጄ ወደቀ። ማዳም ስቃ፣ «ኮንትራታችን ሲያልቅ አብረሽን ትመጫለሽ፤ ታይዋለሽ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ጀርመን ኢንሻአላህ ሲል መጠርጠር ነበረብኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ታመመች። እናቴን ካስነሣችሁልኝ ያላችሁበት ድረስ ጥላ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ለሰብአ ሰገል ተሳልኩ። ያገሬ ልጅ የሆነች አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ያኔ ሥራ ፈትታ ነበር። ስነግራት፣ «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው፤ ጥላሽን ማን ይቀበልሻል?» አለችኝ።

«ሰብአ ሰገል መቼ ካቶሊክ ነበሩ?» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እዚህ አገር፣ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ሥራው እንዳይወሰድበት የሚያምነውን ምትክ አስገብቶ ነው የሚሄደው። እኔም እናቴን ላስታምም ወደ አገሬ ስሄድ ጓደኛዬን አስገባሁ። ዕቃውን ሁሉ አሳይቻት ስጨርስ የማዳምን ትንሽ ልጅ እንቅልፍ አስረከብኳት። ልጅቷ የክሬኑን ታሪክ ሳትሰማ አትተኛም ነበር፤ በመስኮቱ የሚታዩትን፣ ማዶ የሚገነባውን የሉሳይል ከተማ ክሬኖች እያሳየሁ፣ እንግሊዝኛና አረብኛ እየቀላቀልኩ እነግራታለሁ። ጓደኛዬ ጎኔ ተቀምጣ ቃል በቃል አጠናችው። «አይዞሽ፣ ቤትሽን እንደ ቤቴ ነው የማየው» አለችኝ። እንዳለችውም አደረገች።

እናቴን ጠበል ቦታ አስታመምኳት፤ እዚያ ስልክ አይሠራም ነበር። ደግነቱ በእግሯ ቆመችልኝ። ጥላውን ገዝቼ ተመለስኩ። የፎቁ መግቢያ ላይ የሚቆመው ሐበሻ ጥበቃ ሲያየኝ ክው አለ።

«አንቺ አላገባሽም እንዴ?»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አግብታ እዚያው ቀረች ብላ የነገረቻቸው ጓደኛሽ ናት። ማዳም አልቅሳልሻለች። ኸላስ፣ ከሄዱ ሰነበቱ እኮ። እሷንም ይዘዋት ሄደዋል።»

ጥላውን እንደታቀፍኩ ሎቢው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ መቀመጥ ለእኛ አይፈቀድም ነበር፤ ጥበቃው ግን አላስነሣኝም። ማዳም ጋ ስደውል አዘነች፣ አፈረች፣ የቪዛው ወረቀት በጓደኛሽ ስም አልቋል አለችኝ። ጓደኛዬ ስልኬን አላነሣችም። ጀርመን አለመሄዴ አይደለም ያቃጠለኝ። እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ፣ ጓደኛዬ ለምን እንደሄድኩ እያወቀች፣ በውሸት ሠርግ ደገሰችልኝ።

የንስሐ አባቴ ጥላውን እዚሁ ዶሃ ላለው ቤተ ክርስቲያን እንድሰጥ መክረውኛል። እግዚአብሔር ቦታ አይመርጥም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እዚህ ካስገባሁት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚያች ጓደኛዬ እንዲያልቅላት አልፈለግሁም። ይኸው እንደዚያ ክሬን ተገትሬ ቀረሁ፤ ያየኝም ለምዶኛል።

ባለፈው ገና፣ ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ጓደኛዬ ፎቶ ላከችልኝ። ካቴድራሉ ፊት ቆማለች፤ ድንጋዩ ከሥዕሉም ይብስ ጠቁሯል። ትንሿ ልጅ አድጋ ትከሻዋን አቅፋታለች። ከሥሩ፣ «ልጅቷ ‹የክሬኑን ታሪክ መጀመሪያ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ› ትለኛለች። አላረምኳትም» የሚል ጽፋለች።

ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት ስድብ ነበረኝ፤ ለዓመታት ሳሳምረው የኖርኩት። ግን ፎቶው ውስጥ ይዘንባል። ልጅቷ ቆብ ያለው ካፖርት ለብሳለች። ጓደኛዬ ነጠላ ብቻ ነው የተከናነበችው፤ በስብሶ ራሷ ላይ ተጣብቋል፣ ውኃው በፊቷ ይወርዳል።

«ይቺ ልጅ ጥላ እንኳ የሚይዝላት የላትም?» አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«የቷ ልጅ?» አለችኝ አብረውኝ ከሚኖሩት አንዷ ከአልጋዋ ቀና ብላ።

«ያገሬ ልጅ» አልኳት።