ጋሼ ከድር ሱቅ ያቆምነው ጨዋታ

ከመቱ የወጣሁበት ቀን ዋዜማ ማታ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ ስትጠቀጥቅ እኔ ጋሼ ከድር ሱቅ ነበርኩ። ነገ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ጨዋታ ላይ ነበርኩ! ጋሼ ከድር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ታሪኩን የሚተርኩት እሳቸው ናቸው። እኔና እዚያው አጠገብ ሁሩሙ ከተማ የምታስተምረዋ ጫልቱ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንሆናለን። ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፣ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው የምንወረውረው ዳይስ ነው። እኔ ማር ቆራጭ ነበርኩ። ታሪኩ ጫካ መሀል ሲደርስ አቆምንና፣ «አንተ ሳትኖር አንድ እርምጃ አንሄድም» ብለው ማሉልኝ።

ጀርመን ገባሁ። ሥራውንም ሰፈሩንም ጥዬ ስመጣ ያልጣልኩት ያንን ጨዋታ ብቻ ነበር። እዚህ ዝናቡ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚዘንበው፤ የመቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እኮ ጎረቤት ከጎረቤት አይደማመጥም።

በኢንተርኔት የምንጫወትበትን ፕሮግራም መምረጥ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ያው «ፈረንጅ አገር ያለው እሱ ነው» ተብሎ። መጀመሪያ የመረጥኩት ጫካውን ከነቅጠሉ በሥዕል የሚያሳይ ነበር። እኔ ጋ ግሩም ነው። ጫልቱ ግን ሁሩሙ ሆና፣ «ማሎ፣ በናትህ፣ እኔ ጋ እስካሁን የመጣው ሰማዩ ብቻ ነው» አለችኝ።

ወደ ቪዲዮ ዞርን። ጋሼ ከድር ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ ጆሯቸውን ስናይ አመሸን። ከዚያ ዳይሱን ራሱ የሚወረውር ፕሮግራም አመጣሁ። «እጅ የሌለው ነገር የወረወረውን አላምንም» ብለው እምቢ አሉ። ያን ሁሉ ተመራምሬ በመጨረሻ የመረጥኩት ምን መሰላችሁ? ተራ ስልክ! ሐሙስ ሐሙስ እየተደዋወልን፣ ሁላችንም በየቤታችን ወርውረን የወጣልንን በሐቀኝነት እንናገራለን።

አንድ ሐሙስ ጨዋታው ሞቆ ስጮህ አከራዬ በሬን ደበደበች። እዚህ ጸጥታን «ሩኸ» ይሉታል፤ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከጅብ ጋር።»

ከኋላዬ ክፍሉን ቃኘች። «ውሉ ላይ እንስሳ አይፈቀድም» ብላኝ ሄደች።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ከድር፣ «ጭጋጉ ሲገለጥ ወንዝ ታያላችሁ» ብለው ገና ትንፋሽ ሲሰበስቡ ጫልቱ ቀደመቻቸው።

«ማሎ፣ ድልድዩ ላይ እንዳትወጣ! ይበጠሳል!»

የምን ድልድይ? ስለ ድልድይ ማንም ያነሳ አልነበረም። ጋሼ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያኔ ገባኝ። ታሪኩን ያለ እኔ ሄደውበታል። ሱቁ ውስጥ ይጫወቱና፣ ሐሙስ ሲደርስ ለእኔ ሲሉ እንደ አዲስ እየደነገጡ ይደግሙታል። ማሐላውስ? ተናደድኩ፤ ግን ከንዴቱ እንባዬ ቀደመኝ። ያን ሁሉ ሐሙስ መደንገጥ ቀላል ሥራ አይደለም። በእኔ ቦታ ማን እንደተቀመጠ፣ ማር ቆራጩስ ተርፎ እንደሆነ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሳሚ፣ አለህ?» አሉ ጋሼ ከድር።

«አለሁ ጋሼ። ስልኩ ተቆራርጦብኝ ምንም አልሰማሁም። እስቲ ከወንዙ ይድገሙልኝ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉና ጭጋጉን እንደገና ገለጡልኝ።