የኦብሳ ግራ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ልናገር ስል ምላሴ ወደ ሌላ ወሬ ይወስደኛል፤ ወሬ መቼ አጣሁና! አሁን እንኳን ሁለቴ ተነስቼ በሩን ልዘጋ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነበር።

ሱሉልታ ውስጥ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ ባለች ክፍል፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ራሴን ያስተማርኩ ሴት ነኝ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለማቀላጥፍ አስተርጓሚ አድርገው ያዙኝ። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ትንንሽ መብራት የተሰካበት ቆብ ያጠልቃል። እኔ መዳፉን በለስላሳ ብሩሽ ዳበስ ሳደርግ፣ የትኛው የአእምሮው ጎን እንደነቃ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል። ቀኝ መዳፍ፣ ከዚያ ግራ መዳፍ። እናቶቹ ሕፃናቱን አናታቸው ላይ የሚቀቧቸው ቅቤ ቆቡን ስለሚያንሸራትት፣ በለብታ ውኃ የማጥበውም እኔ ነበርኩ። "በእኔ እጅ ሕፃን አያለቅስም" እያልኩ እኩራራ ነበር።

አንድ ቀን ጫልቱ የአምስት ወር ልጇን ኦብሳን አዝላ፣ ከእርሻ ማዶ በእግሯ መጣች። ልጁ በቀኝ እጁ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፤ ግራው ግን አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ቆልፎ ጭብጥ እንዳለ ነው። ጫልቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ፣ "አዳዳ፣ ይህችን እጁን አይዘረጋም እኮ። እስቲ ንገሪልኝ" አለችኝ። አዳዳ፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? እኔ ተረት ወዳዷ! "ሞኚት! ሀብቱን እኮ ነው የጨበጠው። በሕፃንነቱ የጨበጠ ሲያድግ አይለምንም።"

እፎይ ብላ ሳቀች።

"ምን አለች?" አለች ጥናቱን የምትመራው ዶክተር፣ ከኮምፒውተሩ ሳትዞር።

"ልጄ ጠንካራ ነው እያለች ነው" አልኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሕፃናት አልቅሰው ቆባቸውን አስወልቀዋል። ሦስተኛው እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። የተነገረኝ ግልጽ ነበር፤ መዳፉ ካልተከፈተ አትንኪው፣ "አልተከፈተም" ብለሽ ጻፊ። እኔ ግን አውራ ጣቱን በገዛ ጣቴ ፈልቅቄ፣ ይዤ፣ ብሩሹን አስነካሁ። ቅጹ ላይ "ራሱ ከፈተ" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እጄን ይዞ ያስጻፈኝ የለም።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" አለችኝ ዶክተሯ። ያቺን ምስጋና ስንት ቀን አጣጣምኳት መሰላችሁ?

አጥኚዎቹ ጨርሰው ሄዱ። ጫልቱ ልጇን ሐኪም ቤት የወሰደችው ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ ሀብቱን ስትጠብቅ። ሐኪሙ ችግሩ ከአእምሮው እንደሆነ፣ ገና በወራቱ እጁን ማሠራት ቢጀመር ይሻለው እንደነበር ነገራት። ምን ያህል ይሻለው ነበር? አላውቅም። የማያስቀምጠኝ እሱ ነው። ቡራዩ እህቴ ጋ ብሄድ እዚያም ይከተለኛል። አንዳንዴ "ምናልባት ያው ነበር" እላለሁ። ይህም ሌላ ተረት ነው፤ አሁን ደግሞ ለራሴ የማወራው።

ጫልቱ ዛሬም ገበያ ስታገኘኝ ጉንጬን ስማ ትመርቀኛለች። ምርቃቷን እንዴት ተቀብዬ ኖርኩ?

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። ኦብሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ በአንድ እጁና በጥርሱ ይቆልፋል። የጎረቤት ልጅ "ቆልማማ!" አለው።

"አንተ ምን አለህ? የኔ ሀብት እዚህ ውስጥ ነው" ብሎ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አዳዳ፣ መቼ ነው የሚከፈተው?"

ቤቴ ተመልሼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ የዋሸሁት ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው፤ አልፈራሁም ነበር። መመስገን አምሮኝ ነው። ይቅርታውንም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለም። ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዤ ጫልቱ ጋ እሄዳለሁ። አማርኛው ስለማይገባት በኦሮምኛ እተረጉምላታለሁ። ይህኛውን ግን አንድም ቃል ሳላስቀር።