አባቴ ከዖዛ ወዲያ አያነብም

አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል እንጂ አይገባም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ፣ ከአጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ያስቀድሳል። ጥምቀት ሲሆንማ ይብስበታል። አንድ ዓመት ታቦቱ ድንገት እሱ ወደ ቆመበት ቢዞር፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ገባና ባጃጅ ነጂዎች ጎትተው አወጡት። እናቴ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ዖዛ ነው። ታቦቱን የጫነው ሠረገላ፣ በሬዎቹ ተደናቅፈው ሲያጋድል፣ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን የዘረጋውና እዚያው በድን ሆኖ የቀረው ሰው። አባቴ ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር። ዖዛ ሲሞት መጽሐፉን ይዘጋና "አያችሁ? ሊደግፍ ብሎ እኮ ነው!" ይላል። ከዚያ ወዲያ አያነብም።

ነገሩን የአባቴ ጠባይ ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ የእናቴ እንቅርት መተንፈሻዋን ተጭኖ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና እስኪያዝላት ድረስ። "ቢላዋ ሳይነካኝ ልቁረብ" አለች። እንደነሱ በሰማንያ ተጋብተው የኖሩ ባልና ሚስት የሚቆርቡት ደግሞ አብረው ነው። የነፍስ አባቷም "ባልሽን ይዘሽ ነይ" አሏት። አባቴ አሻፈረኝ አለ።

እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ ተጣላሁት። እናቴ አጠገባችን ለዳጣ የሚሆነውን በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ትፈጫለች።

"ሙሴ ያየው ቁጥቋጦ ነደደ እንጂ መች ተቃጠለ?" አልኩት።

"ጫማህን አውልቅ፣ አትቅረብ አልተባለም?"

"የኢሳይያስን ከንፈር ፍም ነካው፤ አነጻው እንጂ አልገደለውም።"

"እኔና ኢሳይያስ አንድ ነን? የአሮን ልጆችስ? ካህናት ሆነው እንኳ እሳት በላቸው!"

እሱ የሞቱትን፣ እኔ የተረፉትን እየጠራን ሻያችን ቀዘቀዘ። በጭቅጭቁ መሀል ግን አንድ ነገር ገረመኝ። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ቅድስናው ራሱ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብሎ የነገረን የለም። የሚታየው በቀረበው ሰው ላይ ነው፤ አንዱ ጫማውን ያወልቃል፣ አንዱ ፊቱ ያበራል፣ ሌላው ይወድቃል። እሳቱ ግን ያው እሳት ነው።

ንዴቴ ስላልበረደ መጽሐፉን ከእጁ ወሰድኩና ዖዛ ከሞተበት ቀጠልኩ። ዳዊትም ፈራ። ታቦቱ እኔ ዘንድ እንዴት ይመጣል ብሎ አቢዳራ የሚባል ሰው ቤት አስገባው። ዖዛን የጣለው ያው ታቦት እዚያ ወራት ተቀመጠ፤ የሰውየውም ቤት በሙሉ ተባረከ። አባቴ ይህን ሲነበብ ሳይሰማው አልቀረም፤ ልብ ግን አላለውም ነበር።

"ሚስቱስ ምን አለ?" አለች እናቴ ከወፍጮዋ ቀና ብላ። የወላይታ፣ የቢጠና ገበሬ ልጅ ናት፤ ወላይትኛው ስለሚቀድማት አማርኛ ላይ ወንድና ሴቱ ይምታታባታል።

"የማን ሚስት?"

"የአቢዳራ ነዋ። ባልየው ታቦት ቤት ሲያስገባ ሚስቱ አልፈራም?"

"አልተጻፈም፣ እማዬ።"

"ባይጻፍስ? እንግዳ መጥቷል፤ ሚስት ምን ይሠራል? ቤት ይጠርጋል!"

አባቴ ሊስቅ ጀመረና ፊቱ ተለወጠ። እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል ወደ እሷ ዞረ።

"ለራሴ መሰለሽ የምፈራው? እኔስ ዖዛን ብሆን ግድ የለኝም። በኔ ጦስ አንቺን ቢወስድብኝስ? ያለ አንቺ ምን እሆናለሁ?"

አባቴ እናቴን እንዲህ ሲላት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ክርክሬ የት እንደገባ እንጃ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት። እናቴ እጇ ላይ በርበሬ ስለነበር ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳልቆርብ ብሞትስ? ያኔ ደስ ይልሃል?" አለችው።

ንስሐቸውን ጨርሰው እሑድ ሄዱ። እስከ ደጁ ክንዱን ይዛ አደረሰችው፤ ከዚያ እሱ በወንዶቹ በር፣ እሷ በሴቶቹ ገቡ። ወንዶች ስለሚቀድሙ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን አልጨፈነም። ቅዳሴ ጠበሉን ጠጥቶ ዳር ቆመና ተራዋ እስኪደርስ፣ ተቀብላም እስክትመለስ ከሷ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። እኔ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ብዙ ከቆዩ በኋላ አባቴ ነጠላውን ዝቅ አደረገ።

"አለሽ?" አላት።

"አለሁ። አንተስ?"

የአባቴ እንባ ወረደ። ምእመኑ ሁሉ እያየው እጇን ያዘ።