በረዶ ላይ የተኛው ጎን

የመጨረሻዋ ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበረች። ታላቅ እህቴ ዓሣ ታሸት ነበር።

በዚያ ዘመን ዓሣ ከጅቡቲ በባቡር፣ በረዶ በተሞላ ሣጥን ይመጣል። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጣቢያው ቤት እስኪደርስ እንኳ አያምኑትም። የግቢያችን ሴቶች ለእህቴ ሳያሳዩ ቢላ አያነሱም ነበር። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ሰዎች «የዓሣዋ ልጅ ወንድም» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል።

የዚያን ቀን ጎረቤታችን ልጇ ታጭታ የግቢውን ሰው ሁሉ ምሳ ጠራች። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያን። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ዓሣ ግን ከአንድ ትሪ ያበላናል። ስለዚህ ትልቅ ዓሣ ገዛች። ሲገለበጥ አንደኛው ጎኑ አመድ መስሏል።

ባሏ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «አቦ፣ ይኼ በእግሩ ነው እንዴ የመጣው?» አለ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። እንግዶቹ እየደረሱ ነበር።

እህቴ በጣቷ ተጫነችው፤ ሥጋው ተመልሶ ሞላ። ዓይኑን አየች። የጉንጩን ክዳን ገልጣ አሸተተች።

«ባሕር ባሕር ነው የሚለው፣ እማ። ይኼ በረዶው ላይ የተኛበት ጎን ነው። ቀለሙን ነው የወሰደው፣ ሥጋው ደህና ነው።»

«እንግዶቼን እንዳትፈጂብኝ» አለች ጎረቤታችን።

«ቀድሜ እበላለኋ።»

ቀድማ በላች። ሁላችንም በላን። የተረፈውን አመዳሙን ጎን ጨውና ሎሚ አሽታ፣ በድስት አድርጋ፣ ከሣጥኑ በተረፈው በረዶ መሃል አስቀመጠችው።

ልቧን ያማት ነበር። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ከነገራት ቆይቷል። አመሻሽ ላይ ቧንቧው አጠገብ ባልዲዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ቁጭ አለች… አልተነሳችም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጠዋት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሹክሹክታው ደረሰኝ።

«ያ አመዳም ዓሣ ነው የገደላት። ቀድማ የበላችው እሷ አይደለችም?»

የበላነው ሁሉ ደህና ነበርን፤ ያንን ግን የሚያነሳ አልነበረም። ጎረቤታችን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ጥግ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ሰው የለም። የእህቴን ሞት ምን ላድርገው። ተሳሳተች መባሏን ግን… እሱን አልቻልኩም።

ተነሥቼ ድስቱን ከፈትኩ። በጣቴ ተጫንኩት፣ ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ክፉ ቢሸተኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ባሕር ባሕር አለኝ።

ጠብሼው ወደ ድንኳኑ ይዤ ገባሁና ጎረቤታችን አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ አስከሬን ሳይወጣ ትበላለህ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«እህቴ ደህና ነው ያለችው ዓሣ ነው፣ አባባ» አልኩና ጎረስኩ።

ሴትዮዋ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። ውሃ አስመጥታ እጇን ታጠበች፤ «ቢስሚላሂ» ብላ ከአመዳሙ ጎን ቆረሰች። ሁለታችን ጨረስነው።

ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ እህቴን ልሸከም ወጣሁ።