አረቄ የጠጣው ፍሬን

የዚያን ቅዳሜ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የበኩር ልጄ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችንና ከኋላ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የአስመራ ሰው ነን። ባለቤቴ ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። ልጄ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ተገዝቶለት፣ ሰኞ ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ሊጀምር ነው። ሥራ ፈቶ የተገኘ ወጣት በዚያ በደርግ የአፈሳ ዘመን ወዴት እንደሚወሰድ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ያቺን ሰኞ እንደ ፋሲካ ነበር የምጠብቃት።

ግን የፊት ፍሬኑ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጎማውን በእጄ ባዞረው እንቢ አለኝ። ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ዓይኔ ላይ መጣ።

«ይህ ሳይጸዳ ከበር አትወጣም» አልኩት።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ በእግሬ ስሄድም ፍሬን ያዝ ትዪኛለሽ።»

ተከራያችን ፒያሳ ጨርቅ ይነግዳል። አገሩ ሳለ ሞተር ስለነበረው እጅጌውን ሰብስቦ ከልጄ ጎን ተቀመጠ። ፍሬኑን የሚጨብጠውን ብረት ሲፈቱ እኔ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ሰፌድ ላይ ደረደርኩ፤ አንዷ ብትቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ከውስጥ የወጣው ፒስተን ጥቁር ቆሻሻ ለብሷል። ላምባ ላመጣ ስነሳ ተከራያችን ከለከለኝ።

«ላምባ ውስጡ ያለውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ እትዬ። ጠንከር ያለ አረቄ ይሻላል።»

አረቄ ያለው እማማ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ለጊዮርጊስ ማኅበር የተቀመጠ።

«የማኅበርተኛውን አረቄ ለብረት?» አሉ እማማ ነጠላቸውን እያጠበቁ።

«ማኅበርተኛ ያድርጉት እንግዲህ» አለ ልጄ።

«አንተ ዝም በል። ሰክሮ ገደል ቢከትህ የምከሰሰው እኔ ነኝ።»

ይህን እያሉ ገብተው ጠርሙሱን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ግን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «ይበቃዋል» አሉ።

የሽቦ ብሩሽ ብረቱን ይቧጭረዋል ተባለ። እኔ ከመቀነቴ የወይራ መፋቂያዬን አወጣሁ። ጫፉን አኝኬ አለሰለስኩትና አረቄ እየነከርኩ፣ ጥርስ እንደሚፋቅ የፒስተኑን ቤት ጥጋጥጉን ፋቅሁት። ተከራያችን ወደ ፀሐይ እያዞረ አየና «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አለ።

እማማ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። «ከኔ ጥርስ በለጠ» አሉ።

ገጣጥመው የፍሬን ዘይት ጨመሩ፤ አየሩንም አስወጡ። ልቤ የተመለሰው ሰፌዱ ባዶውን ሲቀር ነው። ጎማውን በአንድ ጣቴ ብነካው ዞረልኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ተሞከረ። ልጄ ሲወርድ እኔ «ቀስ! ቀስ!» እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ። ታች ሲደርስ ፍሬኑን ጨበጠ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ግን መቆም አቅቶኝ አልፌው ሄድኩ።

«እማዬ፣ አሁን የቀረን ያንቺን ፍሬን ማጽዳት ነው» አለኝ። መንገደኛው ሳቀ፤ እኔም ነጠላዬን ከመሬት እያነሳሁ ስቄ ሞትኩ።

ሰኞ በሰዓቱ ሥራ ገባ፤ ያ ሥራም ከብዙ ነገር ከለለው። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ተከራያችን ከጥቂት ዓመት በኋላ አስመራ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እሪ በከንቱ ተከራይቶ የኖረ፣ ፒያሳ ጨርቅ ይነግድ የነበረ፣ ሞተር በአረቄ ያሳጠበን ሰው የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።