ከአዲስ አበባ የመጣው ዘንግ

ሥራ የጀመርኩት በሚዛንና በቴፒ ከተሞች መካከል ባለ አንድ የቡና እርሻ፣ የመፈልፈያ ጣቢያው ረዳት መካኒክ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋና መካኒኩ ጋሽ ወልዴ የትምህርት ማስረጃዬን ሳያዩ ወደ ወርክሾፑ አስገቡኝ። አንድ ብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ አንድ የብየዳ ማሽንና የቁርጥራጭ ብረት ክምር ነበር።

«የመለዋወጫ ሱቅ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጅማ። ደርሰህ እስክትመለስ ቡናው ይቦካል» አሉኝ። «እዚህ የተሰበረ እዚሁ ይሠራል።»

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይኮመጥጣል፤ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ጋሽ ወልዴ ዘንግም ሆነ ቀበቶ የሚያዞረውን ፑሌጃ ራሳቸው ይቀርጹ ነበር። የትልቁ መፈልፈያ ዘንግ እየተጣመመ ቢያስቸግራቸው አወፍረው ሠሩት፤ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታም በዚያው ልክ ለወጡ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የትም አልተጻፈም።

እሳቸው ጡረታ ወጡና እኔ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ አቶ ዳንኤል ይባላሉ።

«ተስፋዬ፣ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የሚከርም ቶርኖ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ።

 አባባላቸው ስህተት አልነበረበትም። አዲስ አበባ ካለ አቅራቢ ጋር የመለዋወጫና የጥገና ውል ተፈረመ። ቶርኖው ሚዛን ላለ ጋራዥ ተሸጠ። በመጀመሪያው ዓመት ዕቃው በሰዓቱ፣ በካርቶን ታሽጎ መጣ። እኔም እረፍቱን ወደድኩት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ለቀማው በደራበት ሳምንት፣ የትልቁ መፈልፈያ ዘንግ ተሰበረ። የግዢ ሠራተኛው ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ የማሽኑን ቁጥር ገልብጦ የማዘዣ ቅጽ አመጣልኝ። እኔ ከማሽኑ ሥር ተኝቼ ቡሎን እየፈታሁ ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ።

አቅራቢው «ነገ ይደርሳል» አለ። በማግስቱም «ነገ» አለ። ዕቃውን የጫነው መኪና ቦንጋ ላይ ተበላሽቶ ኖሯል።

«ዘንጉን ሚዛን ወስጄ ላሠራው» አልኳቸው አቶ ዳንኤልን።

«ውሉ አይፈቅድም። ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይፈርሳል።»

የቀረችው ትንሿ መፈልፈያ የእርሻውን ቡና እንኳ አልቻለችም። የአካባቢው ገበሬዎች ያመጡትን እንድንመልስ ታዘዘ። ቡና የሚመዝነው ሰው እምቢ ስላለ፣ በሩ ላይ ወጥቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

እማማ ማርታ ሁልጊዜ ከሁሉ የበሰለውን ቡና ለይተው የሚያመጡልን ሴት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ሁለት ጆንያ ተሸክመው ከዳገቱ ወርደው ነበር።

«ማሽኑ ተሰብሯል እማማ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው።»

«ቡናው አዲስ አበባን ይጠብቃል ወይ ልጄ?» አሉኝ። «እናንተ ዘንድ ሰው የለም?»

 ጆንያውን መልሰው ተሸከሙ።

በአራተኛው ቀን ካርቶኑ ደረሰ። ዘንጉ ያብረቀርቃል። ኩሽኔታው ውስጥ ስከተው ግን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ቀጭን ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ያወጣው ልክ እንጂ ጋሽ ወልዴ ያወፈሩት አይደለም። ስልክ ስንደውል አቅራቢው «በፈረማችሁት ቅጽ መሠረት ነው የላክነው» አለ። ፊርማው የእኔ ነበር።

ጥፋቴን ለአቶ ዳንኤል ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው የእርሻውን መኪና ቁልፍ ሰጡኝ። «ሂድ። የውሉን ነገር ለእኔ ተወው።»

ሚዛን ስደርስ የጋራዡ ባለቤት ሙስጠፋ ወረፋ እንዳለ ነገረኝ። የራሳችን የነበረው ቶርኖ ፊት ለፊት ቆሜ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ «አንተ ታውቃታለህ፣ ራስህ ሥራው» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ወፍራሙን ዘንግ ቀረጽኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማሽኑ ዞረ።

ገንዳ ውስጥ የቆየው ቡና ግን ኮምጥጦ ነበር፤ ከታጠበ ቡና ደረጃ ወጣ። እማማ ማርታ ቡናቸውን ለሌላ ጣቢያ መስጠት ጀመሩ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በደንብ ተቀበሉኝ፤ ቡናቸውን ግን አልመለሱልንም።

ቶርኖው ተመልሶ አልተገዛም። ውሉ ሲታደስ፣ አቅራቢው ከዘገየ በአካባቢው ማሠራት እንድንችል ተጻፈበት። እኔም ክረምቱን የእያንዳንዱን ማሽን ልክ ስጽፍ ከረምኩ።

ዕቃ ከሩቅ መግዛት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የምናዝዘውን ራሳችን ሳንለካ መፈረማችን፣ አቅራቢው ሲዘገይም ሌላ መንገድ አለማዘጋጀታችን ነበር።