አቤቱታ ጸሐፊው ሞላልኝ

ሞላልኝ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ግራንድ ፕሬሪ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ሲያነሳና ሲደረድር አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ወገቡ አልቋል። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ቅዳሜ ቅዳሜ ሪቻርድሰን ድረስ እየነዳ፣ የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ትምህርት የሚሰጥበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይገባ ነበር። አስተማሪዋ ሰብለወርቅ ነርስ ናት። ሞላልኝ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ሲጥለው አይታ እንዳላየች ታልፈው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስለ ነጻነት ጦርነት ስታስተምር እጁን አነሳ።

«እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው ነው በንጉሣቸው ላይ የተነሱት? መጀመሪያ አላመለከቱም?»

«ጋሽ ሞላልኝ፣ ይሄ ኢንተርቪው ላይ አይመጣም» አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አሜሪካኖቹ ነጻነታቸውን ያወጁበትን ጽሑፍ ኮፒ አድርጋ መጣችና እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር። የእንግሊዝ ንጉሥ ለሕዝብ የሚበጁትን ሕጎች አላጸድቅም አለ። ሸንጎዎቻቸውን በተነ። የዳኞቹን ደመወዝ በእጁ ይዞ የራሱ አገልጋይ አደረጋቸው። በሰላም ጊዜ ወታደር አሰፈረባቸው። ሳይስማሙ ግብር ጣለባቸው።

«ሶ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» አለች። «በተበደልን ቁጥር እንዲታረምልን በትሕትና ለመንን። ለልመናችን ያገኘነው መልስ ሌላ በደል ብቻ ነው።»

«እስቲ እሷን ድገሚያት» አለ ሞላልኝ።

ደገመችለት። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ተኝቶ ግን አልነበረም።

አባቱ አገር ቤት፣ አዳ ውስጥ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ባለመሬቱ ትራክተር ገዛና አርባ አባወራ ልቀቁ ተባለ። ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ሞላልኝ ብቻ ስለነበር አቤቱታውን እሱ ጻፈ። «ለግርማዊ ጃንሆይ» ብሎ ጀምሮ፣ በደሉን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዘረዘረው። የንጉሡ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው «አቤት!» አሉ። አንድ አጃቢ ወረቀቱን ተቀበላቸው። መልስ ጠፋ። እንደገና ጻፈ፤ «ነገ ኑ» ተባሉ። በሦስተኛው የተከበረ ሰው ስም አጥፍታችኋል ተብሎ አባቱ ታሰሩ።

«እነሱ ስንት ጊዜ አመለከቱ ይላል?» ሲል ሰብለወርቅን ጠየቃት።

«ቁጥሩን አይናገርም። ብዙ ጊዜ ነው።»

«እኛ ሦስት ጊዜ ነው።» ታሪኩን ባጭሩ ነገራቸው።

ታክሲ የሚነዳው ይርጉ ከፊት ወንበር ዞር አለ። «በኋላስ ንጉሡ ወረዱ አይደል?»

«ወረዱ። መሬቱም ለአባቴ ተሰጠ፤ ሁለት ክረምት አረሰው። ከዚያ ደርግ እህሉን በኮታ ይወስድበት ጀመር። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ አቤቱታ ጻፍኩ። ፀረ አብዮት ተባልኩና ሁለት ዓመት ታሰርኩ። ስፈታ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ማመልከቻ በስተቀር የጻፍኩት ነገር የለም።»

ሰብለወርቅ ያነበበችላቸውን ወረቀት አጣጥፋ ሰጠችው።

በመጸው ለኢንተርቪው ዳላስ ተጠራ። ኦፊሰሩ ወጣት ነው፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«በነጻነት ጦርነት የተዋጋነው ከማን ጋር ነው?»

«ከእንግሊዝ» አለ ሞላልኝ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ደግሞ፣ «መጀመሪያ ግን ለንጉሡ ብዙ ደብዳቤ ጽፈው ነበር» ሲል ጨመረ።

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለው ኦፊሰሩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ሞላልኝም አልተከራከረም። ፈተናውን አለፈ።

የመሐላው ቀን ሰብለወርቅ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብራው ሄደች። ቀኝ እጁን አንስቶ ከብዙ ሰው ጋር ማለ። ከዚህ በፊት እገዛለት ለነበረ ለማንኛውም ልዑልና ገዢ ያለኝን ታማኝነት ትቻለሁ የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፁ ጠፋ። ሰዎቹ መሐላውን እያሉ ቀደሙት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰባቸው።

«ምን ሆኑ?» አለችው ሲወጡ።

«ድሮ የተውኩትን እንደገና ተው ሲሉኝ ደከመኝ።»

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ለመራጭነት የምትመዘግብበት ጠረጴዛ ነበር። ሞላልኝ ፎርሙን አገላብጦ አየው።

«ሹሙ ካልሰማኝ በዚህ አወርደዋለሁ ማለት ነው?»

«ብቻዎን አይደለም። ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ ጋሽ ሞላልኝ።»

«አራት ዓመት ሩቅ ነው» አለ። ቢሆንም ወንበር ስቦ፣ ወገቡን ደግፎ ተቀመጠ፤ መነጽሩን አወጣና ፎርሙ ላይ ስሙን በዝግታ ይጽፍ ጀመር።